ዝናምና አስፋልት

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በኢትዮጵያ በመንገድ ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው፥ አሁን በጡረታ ከልጆቻቸው ዘንድ በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሚኖሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ሁለተኛዋ በዚያው ከተማ የተፈጥሮ ሳይንስ የምታስተምር፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጎረቤቶቿ ጋር ሥራ የፈታ አስፋልት እየነቀለች በቦታው የዝናም አትክልት፥ ማለትም ጎርፉን ተቀብሎ ወደ አፈር የሚያሰርግ ዝቅ ያለ የዕፀዋት አልጋ፥ የምትተክል መምህርት ናት። ሁለቱም የአንድ ደብር ምእመናን ሲሆኑ፥ የነገሩ መነሻ የዚያው ደብር ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ከፊሉ ተነቅሎ አትክልት ይሁን የሚል ማመልከቻ ለሰበካ ጉባኤው ቀርቦ፥ መሐንዲሱ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ ተጠይቀዋል። ዓመታቱ፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሐንዲሱ ፦ ልጄ፥ የጻፋችሁትን ማመልከቻ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከቅን ልቡና የመነጨ መሆኑንም አልጠራጠርም። ነገር ግን ፍርዴን ከመስጠቴ በፊት የቆምኩበትን ወገን እንድታውቂልኝ እወዳለሁ። እኔ ባደግሁበት አገር ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ሲቆርጠው፥ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እንደ ተያዘች ከወንዝ ዳር ስታድር፥ በአንዱ አውራጃ እህል በጎተራ ሲነቅዝ በሌላው ሰው በረኃብ ሲያልቅ አይቻለሁ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በበረሃው ንዳድና በደጋው ውርጭ በሸራ ድንኳን እየኖሩ፥ ተራራውን ቆርጠው ገደሉን ሞልተው መንገድ ያወጡት ሰዎች ናቸው ሥራውን ያስተማሩኝ፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ምን ያህል የሰው ላብና የሰው ዕድሜ እንደሚፈስበት አውቃለሁ። እንዲህ ባለው ትምህርት ያረጀ ሰው፥ ተሠርቶ ያለቀውን አስፋልት ጎረቤት ተሰብስቦ በድጅኖ ነቀለው ሲባል ቢሰማ፥ መጀመሪያ ልቡ መደንገጡ ሊያስደንቅሽ አይገባም።

መምህሪቱ ፦ አያስደንቀኝም፥ ጋሼ፤ ለመንገድ እንዲህ የሚቆረቆር ሰው በጉዳዩ እንዲፈርድ መጠየቁ ለእኛም መልካም ነው። መኪና የሚሄድበትን፥ አምቡላንስ የሚያልፍበትን፥ ሽማግሌ በምርኩዝ የሚራመድበትን መንገድ እንንቀል ያለ ሰው ከመካከላችን የለም። እኛ የምንለው በዚህ ከተማ ጎማ ሳይነካው ዓመት የሚያልፍ ብዙ አስፋልት አለ ነው፤ ከተዘጋ ሱቅ ጀርባ የቀረ ማቆሚያ፥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተለበጠ የትምህርት ቤት ግቢ፥ ለሁለት መኪና መተላለፊያ ከሚበቃው በላይ የሰፋ የመንደር ጎዳና። የደብራችንንም ማቆሚያ ያሠሩት ከእኛ በፊት ሕንፃውን የያዙት ሰዎች ናቸው፤ የታችኛው ጥግ በትንሣኤ ሌሊት እንኳ እንደማይሞላ እርስዎም ያውቁታል።

መሐንዲሱ ፦ አውቃለሁ፤ በእርምጃም ለክቼዋለሁ። ማቆሚያው በጠቅላላው ወደ 2,000 ሜትር ካሬ ይደርሳል። በዚህ ከተማ በዓመት የሚዘንበው 900 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነውና፥ በዚያ ግቢ ላይ በየዓመቱ 1,800,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ማስወገጃው ጉድጓድ ይገባል፤ ከዚያም በከተማው ቱቦ ይሄዳል። ለመንገድ መሐንዲስ የመጀመሪያው ትእዛዝ ውሃን ከመንገድ አርቅ የሚል ነው፤ ከአስፋልቱ ሥር የገባ ውሃ ከሥሩ የተደለደለውን ጠጠርና አፈር አለስልሶ፥ መሠረቱን አስምጦ፥ በጥቂት ክረምት መንገዱን ጉድጓድ በጉድጓድ ያደርገዋልና። ታዲያ ውሃው በሥርዐት ከሄደ፥ ቀሪው ችግር ምንድር ነው?

መምህሪቱ ፦ ችግሩ ከሄደ በኋላ የሚደርስበት ቦታ ነው። በዚህ ከተማ በቆዩት ሰፈሮች የቤት ፍሳሽና የዝናም ውሃ በአንድ ቱቦ ነው የሚጓዙት። ዝናሙ ሲበረታ ቱቦው ይሞላና፥ የተረፈው ከነእድፉ ወደ ዊላሜት ወንዝ ይገለበጥ ነበር። ከተማው ይህን ለማስቀረት ከ1991 እስከ 2011 ድረስ 1.4 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ከወንዙ ግራና ቀኝ ከመሬት በታች ታላላቅ ዋሻዎች አስቆፈረ።

መሐንዲሱ ፦ የምሥራቁን ዋሻ ሥራ አንብቤአለሁ። የውስጡ ስፋት ከ6 ሜትር በላይ ነው፤ ቆፋሪውም መኪና ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ከከተማው ሥር እየፈለፈለ ነው ያለፈው። ወደ ወንዙ የሚገለበጠው ፍሳሽ ከመቶ 94 እጅ ቀንሷል። እንደዚህ ያለ ሥራ ሳይ ፈጣሪ ለሰው ልጅ የሰጠውን ጥበብ አመሰግናለሁ።

መምህሪቱ ፦ እኔም አመሰግናለሁ፤ ያለ ዋሻው ወንዙ አይድንም ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን፥ ከዋሻው ጎን ለጎን፥ ብዙ ሰው የማያወሳው ሌላ ሥራ ተሠርቷል። ከተማው የቤቱን አሸንዳ ከቱቦው ነቅሎ የጣራውን ውሃ በግቢው አፈር ላይ ለሚለቅ ባለቤት 53 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ይህን ሥራ ለጎረቤት ለሚሠራ ማኅበር ደግሞ ለእያንዳንዱ አሸንዳ 13 ዶላር ይሰጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም፥ ትምህርት ቤቱም፥ የሰፈሩም ማኅበር መጋዝና የአሸንዳ ማጠፊያ ይዞ በየደጁ ዞረ። እንዲህ እየተባለ ከ50,000 በላይ አሸንዳ ከቱቦው ተለየ፤ በየዓመቱም ከ4 ቢሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ወደ ዋሻው ሳይደርስ በየደጁ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዋሻውን የቆፈረው ታላቁ መኪና ነው፤ ይህን ያህል ውሃ ያስቀረው ግን መሰላል የተደገፈ ጎረቤት ነው።

መሐንዲሱ ፦ ይህ ጥሩ ሒሳብ ነው፤ ቱቦ ከማስፋት ወደ ቱቦ የሚገባውን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ጣራው ግን ጣራ ነው። እኔ መስማት የምሻው የጎዳናውን ነገር ነው።

መምህሪቱ ፦ የጎዳናውም ታሪክ በዚሁ ከተማ ይገኛል። በ2003 በከተማው ሰሜን ምሥራቅ ሲስኪዩ በሚባለው ጎዳና፥ ከመኪና ማቆሚያው ረድፍ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ወርድ ተወስዶ፥ አስፋልቱ ተነቅሎ፥ ከመንገዱ ዝቅ ያለ አልጋ ተበጀ፤ በጠርዙም በር ተከፈተለት። ዝናም ሲዘንብ የጎዳናው ጎርፍ በዚያ በር ገብቶ በቄጠማው መካከል ከእርከን ወደ እርከን ቀስ እያለ ይወርዳል፥ አፈሩም ይጠጣዋል፤ የተረፈው ካለ ብቻ ወደ ቀድሞው ጉድጓድ ያልፋል። በሃያ አምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል የሚባለው ብርቱ ዝናም ሲወርድ፥ የጎርፉን ኃይል 85 በመቶ ይቀንሰዋል። ጎዳናው አልጠፋም፤ መኪናው ይተላለፋል፥ የቆሻሻ መኪናውም እንደ ወትሮው ይመጣል።

መሐንዲሱ ፦ ያ አልጋ የሚይዘው ውሃ ወደ ጎን ሰርጎ የመንገዱን መሠረት እንዳያለሰልሰው ምን ተደረገለት?

መምህሪቱ ፦ እንዲህ ባለው ሥራ በመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ ጠለቅ ብሎ በኮንክሪት ይሠራል፥ ወይም ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ቁልቁል ይለበጣል። ውሃው የሚፈቀድለት ወደ ታች ነው፤ ወደ መንገዱ አይደለም።

መሐንዲሱ ፦ እንግዲያው መሐንዲስ አማክሯቸዋል። አሁን ደግሞ የመንቀሉን ነገር ንገሪኝ። በእኛ ዘመን አስፋልት የሚያነሣው ዶዘር ነው፤ የትምህርት ቤት ልጅና የቤት እመቤት እንዴት ይችሉታል?

መምህሪቱ ፦ በዚህ ከተማ ከ2008 ጀምሮ ዲፔቭ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሥራውም ስሙም አስፋልት መንቀል ነው። ከዋዜማው በሚሽከረከር መጋዝ አስፋልቱ በልኩ ይቆረጣል፤ አንዱ ቁራጭ ሁለት ሰው የሚያነሣው ያህል እንዲሆን ነው። በማግሥቱ ማለዳ ሰው ይሰበሰባል፤ ጓንት ይታደላል፥ የዓይን መከለያ ይታደላል፥ ስለ አነሣሡ ትምህርት ይሰጣል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ቁራጭ ነው፤ አራቱም ጎኑ ስለ ተያዘ ድጅኖው የሚገባበት ክፍተት አያገኝም፤ አንዱ በመዶሻ ጠርዙን ይሰብራል፥ ሁለቱ ድጅኖ አግብተው ይጫናሉ፥ አራተኛው ከተነሣው ሥር ድንጋይ ያስገባል። እርሱ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ጎኑ ክፍት ይሆናልና ይቀልላል፤ ሦስተኛው ከዚያም ይቀልላል፤ ወደ ቀትር ሲሆን ያ ሁሉ ጥቁር ሜዳ በእጅ ጋሪ እየተጋዘ ወደ ብረቱ ሣጥን ይገባል። የተነሣውም አስፋልት አይጣልም፤ ተፈጭቶ እንደገና ለመንገድ ይሆናል።

መሐንዲሱ ፦ ተፈጭቶ ለመንገድ የሚመለስ ከሆነ አንድ ኀዘኔ ቀለለልኝ። ከሥሩስ ምን አገኛችሁ?

መምህሪቱ ፦ ከሥሩ መጀመሪያ ጠጠር ነው የሚገኘው፤ እርሱ በአካፋ ይወጣል። ቀጥሎ አፈሩ ይታያል። ጋሼ፥ ያ አፈር ሲታይ ያሳዝናል፤ በሮለር ተጠቅጥቆ ለብዙ ዘመን አየርና ብርሃን ሳያገኝ ስለ ኖረ እንደ ሸክላ ደርቋል፥ ሥር የለበት፥ ትል የለበት፥ መዓዛም የለው። የልጆች መጫወቻ ወይም የጓሮ አትክልት የሚሆን ከሆነም እርሳስና የዘይት ቅሪት እንዳይኖርበት አስቀድሞ በመርማሪ ይታያል። ከዚያ በመንሽ ይላላል፥ ብስባሽ ይቀላቀልበታል፥ ለዝናም አትክልትም ከሆነ አሸዋ ይጨመርበታል። በሁለተኛው ዓመት ትሉም፥ ንቡም ተመልሶ ይመጣል። የተማሪዎቼን ትምህርት ቤት ግቢ በነቀልን ጊዜ፥ አንድ ልጅ መሬቱን በእጁ ነክቶ «ይህ ከሥር ሁልጊዜ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ ትምህርት ከመጽሐፍ ላስተምረው አልቻልኩም።

መሐንዲሱ ፦ ነገርሽ ልብ ይነካል። ልብ የሚነካ ነገር ሁሉ ግን ውሃ አያሳርፍም። በሲያትል ከተማ ባላርድ በሚባለው ሰፈር በ2010 የተሠሩት የመንገድ ዳር የዝናም አትክልቶች የደረሰባቸውን ሰምተሻል? ብዙዎቹ ውሃውን አልጠጡም፤ ውሃው ሳይሰርግ ቆመ፥ ባለቤቶቹ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ትንኝ ፈርተው ጮኹ፥ ከተማውም አንዳንዱን ደግሞ ማስተካከል፥ አንዳንዱንም ጨርሶ መድፈን ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለ ውርደት በደብራችን ደጅ እንዲደርስ አልፈቅድም።

መምህሪቱ ፦ ሰምቻለሁ፤ ይህንንም እኛው ከተማሪዎቻችን አንሰውረውም። በባላርድ የጎደለው የአፈሩን ጠባይ አስቀድሞ በየቦታው መመርመር ነበር፤ ባንድ ጎዳና ላይ እንኳ አንዱ ደጅ አሸዋ ሲሆን ሌላው ደጅ ውሃ የማያሳልፍ ደለል ሊሆን ይችላልና። ከአትክልቱ በፊት ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ ውሃ ተሞልቶ፥ በሰዓት ስንት ጣት እንደሚጎድል መለካት አለበት። አትክልቱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል፤ ውሃው በሁለት ቀን ከሰረገ ግን ዕጭዋ በደረቅ ትቀራለች። ደግሞም ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን ያህል እንደሚጠቅም የዚያችው ከተማ ሌላ ጎዳና ይመሰክራል፤ በ2001 በሲያትል ሰሜን አንድ የመንደር ጎዳና ጠብቦና ተጠማዝዞ፥ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ በዛፍና በቁጥቋጦ ተሞልቶ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሲለኩት ከጎዳናው የሚወጣው ጎርፍ በ99 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

መሐንዲሱ ፦ ጉድጓዱን ቆፍሮ መለካት ከአባቶቻችን ጀምሮ የነበረ ብልሃት ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ጎርፍን በመቀነስም ተስማማሁ። ግን ለዚህ ብቻ ከሆነ፥ ኩሬ ቆፍሮ ማጠራቀምም ይቻላል። በሜሪላንድ፥ ያ ብዙ ወገናችን የሚኖርበት የፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ፥ ቤት ሠሪዎች ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል።

መምህሪቱ ፦ የዝናም አትክልት ከተጀመረባቸው ቦታዎች ዋነኛው ያው አውራጃ መሆኑ ደስ ይለኛል! በ1990 ገደማ ሶመርሴት በሚባለው ሰፈር በየቤቱ ደጅ አንድ አንድ የዝናም አትክልት ተበጀ፤ ኩሬውና ቱቦው 400,000 ዶላር ያወጣ የነበረው በ100,000 ዶላር ያህል ተፈጸመ። ነገር ግን ከገንዘቡም፥ ከጎርፉም የሚበልጥ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱን ልንገርዎ።

ሳልሞን የሚባለው ዓሣ በወንዝ ተወልዶ፥ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ አድጎ፥ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል፤ ይህም የፈጣሪን ሥራ ከሚያስደንቁት ምሥጢራት አንዱ ነው። በሲያትል አካባቢ በከተማ ውስጥ በሚያልፉት ወንዞች ግን ኮሆ የተባለው የሳልሞን ዘር፥ በመጸው የመጀመሪያው ዝናም በዘነበ ማግሥት፥ ዕንቁላሉን በሆዱ እንደ ያዘ አፉን ከፍቶ እየዞረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞት ነበር፤ በአንዳንዱ ወንዝ ከተመለሱት ከመቶ 40 እስከ 90 የሚሆኑት እንዲህ አለቁ። ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት መርዙን ፈለጉ፤ ብረት አይደለም፥ ዘይት አይደለም፥ የተባይ መድኃኒትም አይደለም። በመጨረሻ በ2020 ዲሴምበር ላይ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ምሥጢሩን ገለጡት፤ መርዙ የመኪና ጎማ ነው። ጎማ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመርበት ሲክስ ፒ ፒ ዲ የሚባል ቅመም ከአየሩ ኦዞን ጋር ሲዋሐድ የሚወለድ ነገር ነው፤ ጎማው በአስፋልት ላይ ሲፈጭ ዱቄቱ ይቀራል፥ ዝናሙ አጥቦ ወደ ወንዝ ይወስደዋል።

መሐንዲሱ ፦ እኔ ጎማ የሚሄድበትን ሳበጅ ኖርኩ፤ ጎማው በሄደበት ሁሉ ይህን ትቶ እንደሚያልፍ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ለዚህስ መድኃኒቱ ምንድር ነው?

መምህሪቱ ፦ ቅመሙን ከጎማው የማውጣት ነገር የፋብሪካዎች ሥራ ነው፥ ገና ዘመን ይፈልጋል። እስከዚያው ግን እነዚያው ሊቃውንት ሌላም ነገር ፈትነዋል። ከብዙ መኪና ከሚተላለፍበት አውራ ጎዳና የወረደውን ጎርፍ ቀድተው ዓሣዎቹን በከተቱበት ጊዜ ሁሉም ሞቱ፤ ያንኑ ውሃ በአሸዋና በብስባሽ አፈር አሳልፈው በከተቱበት ጊዜ ግን ሁሉም በሕይወት ተረፉ። ጋሼ፥ የደብራችን ጥግ አፈር የሚያደርገው ይህንን ነው። ቱቦ ውሃን ያደርሳል እንጂ አያነጻውም፤ ኩሬም ያቆየዋል እንጂ እንዲህ አያጠራውም፤ አፈር ግን ያነጻዋል፤ በአፈር ውስጥ ባለው ሥርና በዓይን በማይታየው ሕያው ሁሉ ያነጻዋል። ይህን ሥራ ፈጣሪ ለምድር የሰጣት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እኛ በአስፋልት ሸፍነን ከለከልናት።

መሐንዲሱ ፦ (ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ) ይህን ለጉባኤው ሳትናገሪ አትቅሪ። ካህናቱ ይረዱታል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ዘመን ለዝናሙ ለይታ፥ ስለ ዝናማትና ስለ አፍላጋት ስትጸልይ የኖረች ናትና። በአገራችንም የደብሩ ቅጽር ውስጥ ወይራውና ጽዱ፥ ዝግባውና ኮሶው የቀሩት ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር አባቶች ስለ ጠበቁት ነው። ለመሆኑ ምን ልትተክሉ አሰባችሁ? ጽጌረዳ ነው?

መምህሪቱ ፦ አይደለም፤ አገር በቀሉን ብቻ ነው። በዚህ ከተማ ክረምቱ ሙሉ እርጥብ ነው፥ ጁላይና ኦገስት ግን ጠብታ አይታይባቸውም ማለት ይቻላል፤ ከሩቅ የመጣ አበባ ወይ በአንዱ ይሰምጣል ወይ በሌላው ይደርቃል። የዚህ ምድር ዕፀዋት ግን ሁለቱን ተሸክመው ኖረዋል። ውሃው በሚተኛበት በታችኛው ክፍል ቄጠማ፥ በቁልቁለቱ ግንዱ ቀይ የሆነው ዶግውድ፥ በላይኛው ዳር አበባው የግዛቲቱ ምልክት የሆነው የኦሪገን ወይን ይተከላል። ካማስ የምትባል ሰማያዊ አበባም አለች፤ የምድሪቱ ነባር ሕዝቦች ሥሯን አብስለው ምግብ ያደርጓት የነበረች ናት። የእነዚህ ዕፀዋት ሥር ጠልቆ ስለሚወርድ ለውሃው መንገድ ይከፍታሉ፤ ከሁለት በጋ በኋላ ውሃ ማጠጣትም አያሻቸውም።

መሐንዲሱ ፦ ቄጠማውንስ ለበዓል እናጭደዋለን። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የሕጉ ነው። የሕዝብን መንገድ ማንም በወደደ ጊዜ ቢያፈርሰው አገር አይቆምም።

መምህሪቱ ፦ እኛ ያለ ባለቤቱና ያለ ከተማው ፈቃድ አንዲት ቁራጭ አናነሣም። ሕግም ግን ከሕዝብ ይማራል። በአሪዞና ምድረ በዳ፥ ዝናሙ በዓመት 280 ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላበት በቱሳን ከተማ፥ ብራድ ላንካስተር የሚባል ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር የጎዳናውን ጠርዝ ቆርጦ ጎርፉን ወደ ዛፎቹ ሥር መራው። በዚያን ጊዜ የተከለከለ ነበር፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ ግን ሹማምንቱ በ2007 ፈቀዱት፥ ዛሬም በሥርዐት ይሠራል።

ስለ ዛፍ ካነሣን ደግሞ የ2021ን ንዳድ አይዘነጉትም። በጁን መጨረሻ በዚህ ከተማ ሙቀቱ 46.7 ዲግሪ ደረሰ፤ በአውራጃችን ብቻ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎቹም በየቤታቸው ብቻቸውን የነበሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። እሳቱ የባሰው ዛፍ ባነሰበትና አስፋልት በበዛበት፥ ቤት ኪራይ ረከስ ስለሚል ስደተኛው በሚሰፍርበት በምሥራቁ ሰፈር ነው። የእኛም ምእመናን የሚበዙት በዚያ ነው። ስለዚህ ዛፍ የሌለበትን ጎዳና ማልበስ ለእኛ ጌጥ አይደለም፤ ሽማግሌዎቻችንን የመጠበቅ ሥራ ነው።

መሐንዲሱ ፦ በዚያ ሰሞን ከጎረቤቴ አንዱ እንዲሁ ሞቶ ተገኘ፤ በዚህ የምመልስልሽ ቃል የለኝም። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፥ እርሱም ከሁሉ የሚከብደው ነው። በሥራ ዘመኔ ከድልድይ መውደቅ ይልቅ ያሳዘነኝ፥ የጠራጊ ማጣት ነበር። መንገድ ይመረቃል፥ ሪባን ይቆረጣል፥ ከዚያ በኋላ ቦዩን የሚጠርግ አይገኝም፤ በቅጠልና በደለል ይደፈናል፥ ጎርፉ አቅጣጫ ለውጦ መንገዱን ይበላዋል። የእናንተስ አትክልት በሦስተኛው ዓመት ማን ይጠብቀዋል?

መምህሪቱ ፦ የነቀለው ሰው ይጠብቀዋል። ይህን በከንቱ ተስፋ አልናገርም። በዚህ ከተማ ለየጎዳናው አትክልት ፈቃደኛ ጠባቂዎች ተመድበዋል፤ በመጸው ቅጠሉን ከውሃ መግቢያው ያነሣሉ፥ የተጠራቀመውን ደለል በአካፋ ያወጣሉ፥ አረሙን ይነቅላሉ። ቱቦው ሲደፈን ሰው መሥሪያ ቤት ይደውላል፤ በገዛ እጁ ድጅኖ ጨብጦ ያስለቀቀው መሬት ሲደፈን ግን ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። ልጆቹም ይህ የእኔ ነው ይላሉ፤ ዛፉ ሲሰበር ያለቅሱለታል። እንዲህ ያለውን ጠባቂ በደመወዝ መግዛት አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ቀን ሥራውን ለሰፈሩ ሰው መስጠት ብቻ ነው የሚያመጣው። ኮንትራክተር በግማሽ ቀን ይነቅለዋል፤ እኛ ግን በሕዝብ እጅ ይሁን የምንለው ስለዚህ ነው።

መሐንዲሱ ፦ እንግዲያው ለሰበካ ጉባኤው የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፤ እንደ ተናገርኩት ጻፊው። መንገድ ለሚሄድበት ሰው የተቀደሰ ነው፤ ማንም የማይሄድበት አስፋልት ግን ያለ ሥራ የታሰረ መሬት ነው፥ መፈታትም ይገባዋል። የማቆሚያው የታችኛው ጥግ 400 ሜትር ካሬ ይነቀል፤ ከላይ የሚወርደውም ጎርፍ ወደ እርሱ ይመራ። ነገር ግን ከመነቀሉ በፊት በሦስት ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈሩ አጠጣጥ ይለካ፤ ልኩንም እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ። አትክልቱ ከሕንፃው መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ውሃው ሲሞላ የሚተርፍበት መውጫ ይኑረው፥ የቀድሞውም ጉድጓድ አይደፈን። የአካል ጉዳተኞችና የሽማግሌዎች ማቆሚያ ወደ በሩ ይቅረብ እንጂ አይቀነስ። ነቀላው ምድሩ ደረቅ በሆነበት በኦገስት፥ ተከላው ዝናሙ ሲጀምር በኦክቶበር ይሁን። የጠባቂዎቹም ስም ዝርዝር ለአምስት ዓመት ተዘጋጅቶ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ፤ ያለዚያ ዝርዝር አልፈርምም።

መምህሪቱ ፦ ዝርዝሩን እስከ መጪው እሑድ አደርስልዎታለሁ።

መሐንዲሱ ፦ የእኔን ስም ከላይ ጻፊው፤ ቅጠል ለመጥረግ ጉልበት አላጣሁም። ምእመናኑንም ከቅዳሴ በኋላ አስታውቂ፤ ለነቀላው ቀን ጠንካራ ጫማ የተጫማ፥ ድጅኖ ያለው ድጅኖውን ይዞ፥ የሌለው በባዶ እጁ ይምጣ።